«ይወድቃል» ተብሎ የተተወ መንጋጋ

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከታች በግራ መጨረሻ ያለው መንጋጋው ጥቁር ነጥብ ሲያወጣ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል ብዬ ተውኩት። አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ይነዝረዋል፤ ቆሎም በቀኝ ብቻ ነው የሚቆረጥመው። አማቴ «ይነቀል፣ ሌላ ይበቅልለታል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጥርሱን ይቁጠሩ። ልጁን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ከታች የፊት ጥርሶቹ መሐል ተነሥተው ወደ ግራ ይሂዱ። የታመመው ስድስተኛው ከሆነ ቋሚ ነው፤ ቢነቀል የሚተካው የለም። አማትዎ አይፈረድባቸውም፦ ይህ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ ብቅ የሚለው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ስለሆነ፣ የሚወድቅለት ጥርስ የለም።

ቀዝቃዛው ሲነካው ነዝሮት ወዲያው የሚተወው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ደኅና ነው፤ ተጠርጎ ይሞላል። ሕመሙ ከቆየ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰው ወይም ድዱ ካበጠ ግን መበስበሱ ነርቩ ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ ሳይብስ የጥርስ ሕክምና ወዳለበት፣ ደብረ ብርሃንም ቢሆን፣ ይውሰዱት። እስከዚያው አስፕሪን ጥርሱ ላይ እንዳያስቀምጡበት፤ ድዱን ያቃጥላል።

እዚያው ሳሉ በየጎኑ ስድስተኛ የሆኑትን ሌሎቹን ሦስት መንጋጋዎች ያስዩ። የማኘኪያ ገጻቸው ስንጥቅ የቡርሽ ፀጉር እስከማይገባበት የጠበበ ነው፤ ጣፋጭ ሻይና ከረሜላ ግን ይገባበታል። ያልተበላሸ ስንጥቅ ያለ መርፌ ይደፈናል፦ ጥርሱ ይጸዳል፣ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ አሲድ ይቀባል፣ ታጥቦ እንደ ኖራ እስኪነጣ ይደርቃል፣ ከዚያ ፈሳሽ መድፈኛ ተቀብቶ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። በመሐሉ ምራቅ ከነካው መድፈኛው አይያዝም፤ ቶሎ የሚረግፈው በአብዛኛው በዚሁ ነው። ስለዚህ ድድ ገና የሸፈነውና ማድረቅ የሚያስቸግረው ጥርስ እርጥበት በሚችለው፣ ግላስ አዮኖመር በሚባለው መድፈኛ ለጊዜው ይሸፈናል።

ቤት ውስጥ ቡርሹን ራስዎ ይያዙለት። ብቅ እያለ ያለ መንጋጋ ከጎረቤቱ ዝቅ ስለሚል፣ ቡርሹ በቁመት ሲሄድ ይዘለዋል፤ ከጉንጩ በኩል አግድም አስገብተው ይፈትጉት። መፋቂያ ለፊት ጥርስ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን አይደርስም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ጠዋትና ማታ። ሲጨርስ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ፤ ከተጉመጠመጠ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ አይቆይም።