መልስ፦ የጢያ ሰይፎች የግዳይ ቁጥር ናቸው?

«በጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ሰይፎች ግራኝ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ናቸው ይባላል፣ እውነት ነው? ስሄድስ ምን ላስተውል?» ላልከው፦

የግራኙ ነገር በዘመን አይገጥምም። አገሬው «የግራኝ ድንጋይ» ቢለውም፣ ግራኝ አህመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ከትክል ድንጋዮቹ ሥር የተቆፈሩት መቃብሮች ደግሞ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው። ሟቾቹ ወጣቶች ሲሆኑ ጉልበታቸው ታጥፎ ነው የተቀበሩት። ሰይፍ የጦረኛ ምልክት መሆኑ ያስኬዳል፤ አንዱ ሰይፍ አንድ ግዳይ ነው ማለት ግን ግምት ነው።

ቦታው ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጥሬን አልፈህ ነው። ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው፦ ሰይፍ፣ ክብ፣ እንደ ቅርንጫፍ የተከፈለ ምልክት።

ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ቅርጹ ብዙ ጥልቀት ስለሌለው በእኩለ ቀን ፀሐይ ጠፍቶ ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሂድ። ፊቱ ጥላ ከሆነ የስልክህን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ድንጋዩን ታክኮ እንዲያልፍ አድርገህ አብራ፤ የሰይፉ ጠርዝ ወዲያው ጥላ ይጥላል።

ፎቶ እንዲያምር ብለህ በጠመኔ እንዳታደምቀው። ዱቄቱ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ ያሰመርከው ስህተት ደግሞ ለቀጣዩ ሰው «ቅርጽ» ይሆናል። ሽበቱንም (ድንጋዩ ላይ የበቀለውን) አትፋቀው፤ ሲነሳ የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው።