ከታች የሚተበተበው ክር፦ ጥፋቱ ከቦቢኑ ላይሆን ይችላል

በስፌት መኪና ጂንስ ሲሰፉ መርፌ እንደተሰበረ ጽፈውልኛል፤ አዲስ ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ ከጨርቁ ሥር ክር ይተበተባል፣ የላዩ ክር እየተተለተለ ይበጠሳል። ያየው ጠጋኝ የቦቢን ቤቱን (የታችኛው ክር የተጠቀለለበት ቦቢን የሚቀመጥበትን) ብሎን አጥብቆ መለሰልዎ፤ ባሰበት።

እኔ የምጠረጥረው መንጠቆውን፣ ማለትም ከመርፌው ሥር እየዞረ የላዩን ክር የሚይዘውን ሹል ብረት ነው። መርፌው ሲሰበር ጭሮት ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ከግድግዳ ይንቀሉ። እግርን ከፔዳል ማንሳት ብቻ አይበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው እስከ መጨረሻ ወርዶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲመለስ፣ ክሩን ጨርቁ ስለሚይዘው አብሮት አይወጣም። ከመርፌው ቀዳዳ በላይ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። መንጠቆው ልክ በዚያች ቅጽበት ደርሶ ቀለበቷን ያነሳታል፣ ይለጥጣታል፣ በቦቢን ቤቱ ላይ አሽከርክሮ ያሳልፋታል። አዎ፣ የላይኛው ክር ቦቢኑን እንዳለ ይዞረዋል! ከዚያ ክር ሳቢው ክንድ ወደ ላይ ይጎትተዋል። በዚህ መንገድ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ካለ ክሩ እዚያው ይያዛል፤ ትርፉ ከጨርቁ ሥር ይከመራል። ከታች ያዩት ትብታብ የላይኛው ክር ነው። የቦቢኑ ብሎን ምን አደረገ?

የቦቢን ቤቱንና መንጠቆውን ያውጡ። የተሰበረ የመርፌ ጫፍ ካለ ይልቀሙ። በመንጠቆው ጫፍና ጠርዝ ላይ ጥጥ ይሳቡ፤ ጥጡን የያዘው ቦታ ጭረቱ ነው። እሱን ብቻ በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ሹሉን አያዶልድሙት። ጫፉ ከታጠፈ ግን ይቀየር፤ ፎርጅድ መንጠቆ ግን አይግዙ፣ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። ልኩ ያልሆነ ርካሽ ቦቢንም እንዲሁ መኪና ያበላሻል።

ጠጋኙ ያጠበቀውን የቦቢን ቤት ብሎን ያላሉት። የቦቢን ቤቱን በክሩ አንጠልጥለው እጅዎን ነቅነቅ ሲያደርጉ ትንሽ ወረድ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ለጂንስ 100/16 መርፌ ያስገቡ። የላዩን ክር ሲያስገቡ ጨርቁን የሚጫነው የመርገጫው እግር ከፍ ይበል፤ ካልሆነ ክሩ ከማጥበቂያው ውስጥ አይገባም።

ሲገጥሙም ሶኬቱ እንደተነቀለ ይቆይ፤ ደግሜ የምለው መርፌ ጣት ሲበሳ ስላየሁ ነው። መዘውሩን በእጅ ወደ ራስዎ ያዙሩ። መርፌው መንጠቆውን ከነካ፣ ወይም የመንጠቆው ጫፍ ሲያልፍ ከመርፌው ቀዳዳ በታች ከሆነ፣ የመንጠቆውና የመርፌው ቅንጅት ተዛብቷል። ያኔ መኪናውን ሳያስነሱ ቅንጅት ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት።