የተራራው ዕቅድና የነዋሪው ድምፅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ተራራው በፓርክነት ስለሚጠበቅበት ዕቅድ እንድንመክር ተጠራን፤ ይሁን እንጂ የግጦሽ ወሰኑ አስቀድሞ በካርታ ላይ ተሰምሮ ጠበቀን። የመናገር መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ ከዝግጅቱ ጀምሮ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የሚጠራ ጉባኤ፣ ያው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ጮቄ በርካታ የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት ስለሆነ መጠበቁ ግድ ነው፤ ነገር ግን ከብቱ በክረምት በየትኛው ሸንተረር እንደሚወጣና የገብሱ እርሻ አስታና ጅብራ የተባሉት የውርጭ ዕፅዋት ወደሚበቅሉበት ከፍታ ምን ያህል እንደ ገፋ አብልጦ የሚያውቀው ነዋሪው ነው። በሰሜን ሸዋ ባለው የደጋ ሣር ምድር፣ በመንዝ ጓሳ፣ ኅብረተሰቡ ራሱ ሣሩን ለዓመታት ከልክሎ፣ የሚታጨድበትን ጊዜ ይወስን ነበር። ስለዚህ ወሰኑ እንደገና በእግር እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ተቃውሞዎ በቃለ ጉባኤው መስፈሩንም ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። ውኃ የሚቀዱትና እንጨት የሚለቅሙት ሴቶችም (ብዙውን ጊዜ የሚረሱት እነርሱ ናቸው) አብረው ይሂዱ።