«ውሃ ወሰዳት» ሲባል ላልተዋጠላችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ «ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም» ለምትሉት ነው የምጽፈው። ብዙ ዘመኔን በወንጀል ምርመራ ሠርቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አስከሬን ገና ከሐይቅ ሳይወጣ ቲክቶክ ላይ የሰው ስም እየተጠራ «ገዳዩ እሱ ነው» ሲባል አያለሁ። ጥርጣሬያችሁን አልንቅም። እንዲያውም ተራ ሰው ባይጠረጥር ኖሮ ሳይነቃበት የሚቀር ገዳይ ነበር። ታሪኩ የሆነው እንግሊዝ አገር ነው።

ዲሴምበር 1913 እ.ኤ.አ.፣ ብላክፑል ከተማ። አሊስ በርንሃም የምትባል ሙሽራ ከባሏ ጋር ክሮስሊ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ክፍል ተከራይታ አርፋለች። ማታ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ታች ያሉት ባለቤቶች ከጣራው ውሃ ሲንጠባጠብ አዩ። ባልየው ጆርጅ ስሚዝ ለቁርስ የገዛውን እንቁላል ይዞ ከውጭ መጣ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ተጣራ። አሊስ ገንዳው ውስጥ ሞታለች። አጣሪዎቹ «ድንገተኛ አደጋ ነው» ብለው ዘጉት። የክሮስሊ ሚስት ግን የሰውየው ሁኔታ አላማራትም። ያን ሌሊት ቤቷ እንዲያድር እንኳ አልፈቀደችም። የአሊስ አባት ቻርልስ በርንሃምም አማቹን ከመጀመሪያው አላመነውም ነበር።

ዓመት አለፈ። ጋዜጣ ላይ አንድ ዜና ወጣ። ማርጋሬት ሎፍቲ የምትባል ሙሽራ በተጋባች ማግስት ለንደን ውስጥ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞታለች። የባልየው ስም ሌላ ነው። አድራጎቱ ግን ቁርጥ ያው። ጃንዋሪ 1915 የብላክፑሉ ቤት ባለቤት ጆሴፍ ክሮስሊ የሁለቱን ሞት የጋዜጣ ቁራጮች አያይዞ ለፖሊስ ጻፈ። አባትየውም በራሱ መንገድ፣ በጠበቃው በኩል፣ ይህንኑ አደረገ። ማንም ሰው ደጃፍ ሄደው አልጮኹም።

የለንደን ፖሊስ መርማሪው አርተር ኒል ክሩን መተርተር ጀመረ። ሁለቱም ባሎች ያው ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። ቤሲ መንዲ የምትባል ሌላ ሚስቱም በ1912 ገንዳ ውስጥ ሞታ እንደነበር ታወቀ። ሦስቱም ከመሞታቸው በፊት ሐኪም ዘንድ ተወስደዋል። ሦስቱም ሲሞቱ ለባልየው የሚደርስ ኑዛዜ ወይም የሕይወት ኢንሹራንስ ነበር። ሦስቱም በሞቱበት ሰዓት እሱ «ምግብ ልገዛ ወጥቼ ነበር» ባይ ነው፤ አንዴ አሳ፣ አንዴ እንቁላል፣ አንዴ ቲማቲም። አንዱን ሞት ለብቻው ብታዩት አደጋ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ግን ሌላ ነው። ስሚዝ ኦገስት 1915 ላይ ተሰቀለ።

ልብ በሉ፣ ክሮስሊ አስከሬን አልመረመረም። እናንተም በስልክ ፎቶ ለመመርመር አትሞክሩ። የተጨማደደ ጣት ሰውየው ውሃ ውስጥ እንደቆየ ብቻ ነው የሚናገረው፤ በሕይወት ሳለ ገባ ወይስ ሞቶ ተጣለ፣ አይነግራችሁም። ቁስሉም ከድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ከአውጪዎቹ ገመድም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ምንም የጉዳት ምልክት አለመኖሩ ንጹሕ ሞት ነው ማለት አይደለም። የስሚዝ ሚስቶች ላይ ይህ ነው የሚባል የትግል ምልክት አልነበረም። ኒል ዋናተኛ ሴት ገንዳ ውስጥ አስተኝቶ እግሯን ድንገት ሲስብ ወዲያው ራሷን ሳተች፤ ለማንቃት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። እባካችሁ ይህን ቤታችሁ እንዳትሞክሩት! ውሃ ውስጥ የተገኘ ሰው በምን እንደሞተ ለሠለጠነ ሐኪም እንኳ ከባድ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ሌላውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ካላስወገደ «ሰምጦ ነው» አይልም።

የእናንተ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው። ሟቹን ታውቁታላችሁ። ዋና ይችል እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደደወለ፣ ጫማው የት እንደተገኘ ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት የሚወራውን ሳይሆን በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ። የዛሬውን ዛሬ ጻፉ፤ ሳምንት ካለፈው ወሬ ይቀላቀልበታል። የሰማችሁት ካለ ከማን እንደሰማችሁ ለይታችሁ አስፍሩ። የስልክ መልእክቶችን አታጥፉ፣ የሟቹን ልብስ አትጠቡ፣ ቦታውን አትርገጡ። የጠረጠራችሁትን ሰው ፖስት አታድርጉ። ንጹሕ ከሆነ አንድን ቤተሰብ አፈረሳችሁ፤ ካልሆነም አስጠነቀቃችሁት፣ ማስረጃውን ያጠፋል። ስሚዝ የተያዘው የመጨረሻይቱን ሚስት ገንዘብ ለመቀበል ጠበቃ ቢሮ ሲመላለስ ነው። ቀድሞ ስሙ በየመንደሩ ቢጮህ ኖሮ የሚመጣ ይመስላችኋል?

የጻፋችሁትን ለፖሊስ ስጡ፣ ኮፒውን ለራሳችሁ አስቀሩ። የመጀመሪያው ጣቢያ «ሂድ ወደዚያ» ካላችሁ ወደ በላዩ ሂዱ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግም ሂዱ። ጊዜው አልፏል ብላችሁም አትተዉት። የክሮስሊ ደብዳቤ ሲጻፍ ቤሲ መንዲ ከተቀበረች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። ስሚዝ ጥፋተኛ የተባለው ግን በእሷ ሞት ነው።