ጥያቄና መልስ፦ ባልና ሚስት ሆናችሁ ድሬ ገጠር ለአገልግሎት ስትሄዱ

ጥያቄ፦ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ለስድስት ወር በበጎ ፈቃድ እንድናገለግል ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወዳለው ቢዮ አዋሌ አካባቢ ልትልከን ነው። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም፣ ቋንቋውም ኦሮምኛ እንደሆነ ተነግሮናል። ምን ይዘን እንሂድ? ከምንስ እንጀምር? (ባልና ሚስት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልብስና ብስኩት ጭናችሁ አትሂዱ። የልብስ ክምር በመጀመሪያው ቀን መንደሩን ሁሉ ይሰበስባል፤ ግማሹ ባዶ እጁን ይመለስና ይቀየማል፣ የደረሰው ደግሞ በወሩ «ዛሬስ ምን መጣ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃ ብታወሩ ሰሚ የለም። ሙያችሁ በቂ ስንቅ ነው። አቂላና ጵርስቅላም ቆሮንቶስ ላይ ከጳውሎስ ጋር አብረው የኖሩት ድንኳን እየሰፉ ነበር (ሐዋ. 18፥2-3)።

የመጀመሪያው ሳምንት የወረቀትና የሰላምታ ነው። ለቀበሌው የምታስገቡት የቤተ ክርስቲያኒቱ ደብዳቤ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩና መቼ እንደምትመለሱ ይግለጽ። ነርሷ የታደሰ የሙያ ፈቃዷን ይዛ ጤና ኬላ ትሂድ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ተነጋግራ በእነሱ ዕቅድ ትሥራ። በየቤቱ እየዞሩ መርፌ መውጋትና ኪኒን ማደል አይሞከርም። ለጊዜው ቢያስመሰግን እንኳ፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሰዉ ጤና ኬላውን ትቶ እናንተን ሲጠብቅ ይቀራል።

ቀጥሎ የሀገር ሽማግሌዎችንና የአፎሻውን ሰብሳቢ አነጋግሩ (አፎሻ እዚያ እንደ እድር ማለት ነው)። ሁለት ሆኖ መሄድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ባል ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጥ፣ ሚስት እንግዳ ወንድ የማይዘልቅበት ጓዳ ገብታ ከእናቶች ጋር ታወራለች። አስተርጓሚዋም ሴት ትሁን፤ ወንድ በመሃል ካለ ስለ ወሊድ የምትነግራችሁ እናት አታገኙም። «አካም ጅርቱ? ነጋዳ?» የሚለውን ግን ለአስተርጓሚ አትተዉት፣ ራሳችሁ በሉት። ቀጠሮ ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም አለ፤ ዓርብ እኩለ ቀን ጁምዓ ነው። ሰው ስትጋብዙ ሥጋ አታቅርቡ፤ ሻይ፣ ዳቦና ሙዝ ማንንም አያስቸግርም። ቤት ስትከራዩ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ዳር ተዉት። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድሬን በሌሊት ያጥለቀለቀው ከላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ወርዶ ነው።

ሥራውን ከበርሜሉ ጀምሩ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ (ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች ናቸው)፣ በ2014 ደግሞ በበጋ የጀመረ የወባ ወረርሽኝ አይታለች፤ ሦስቱንም የሚያገናኛቸው በየቤቱ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ ቀን ስለምትነክስ አጎበር ብቻውን አያድንም። ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ደግሞ ኩሬና ረግረግ ሳትጠብቅ በሮቶና በበርሜል ውስጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ትራባለች።

ጠዋት ፀሐይ ወደ በርሜሉ ስትገባ ከእናቶች ጋር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥላችሁ ውሃው ላይ ሲያርፍ እጮቹ (ከእንቁላል የተፈለፈሉት፣ ገና ክንፍ ያላወጡት ትንኞች) እየተወራጩ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ «ምንም የለም» ብላችሁ አትሂዱ፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፣ አየር ፍለጋ ይመለሳሉ። ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የኤደስ እጭ ነው፤ ከውሃው ፊት ጋር ተጋድሞ የሚተኛው የአኖፊለስ። ይህን አንዴ ያየች እናት ሌላ ትምህርት አያስፈልጋትም።

ከዚያ ውሃውን በጨርቅ እያጣራችሁ ወደ ጀሪካን ገልብጡት። «ድፉት» አትበሉ፤ ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ ሴት ይህ ስድብ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በርሜሉን አታሳያችሁም። ባዶውን በርሜል በብሩሽና በሳሙና ፈትጉ፣ በተለይ ውሃው ይደርስበት ከነበረው መስመር ከፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ። የኤደስ እንቁላል የሚጣበቀው እዚያ ነው፤ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ውሃውን ለውጠው ግድግዳውን ሳይፈትጉ በመተዋቸው ነው። እጣቢውን መሬት ላይ ድፉት። አፉን ሳሳ ባለ ድፍን ጨርቅ ሸፍናችሁ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የቆርቆሮ ክዳን ብቻውን ክፍተት ይተዋል። በዚያ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ስለሚበቃው፣ ፍተጋው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑም የታወቀ ይሁን።

ባልየው ለእያንዳንዱ በርሜል ከሥሩ አራት ጣት ከፍ አድርጎ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ይግጠም፤ ዝቃጩ ታች ይቀራል፣ ጨርቁም በየሰዓቱ አይፈታም። የበርሜል ግድግዳ ክብ ስለሆነ ቀጭን ጎማ ያፈሳል፤ ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ጎማ ያስፈልጋል። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት በርሜል ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

ለመጠጥ፣ ጥርት ላለ 20 ሊትር ውሃ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 40 ጠብታ (2 ሚሊ ሊትር ገደማ) ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰውን መጀመሪያ አጣሩ፤ ጠብታውን እጥፍ አድርጉት። በረኪና ሙቀት ላይ ኃይሉን ያጣል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ምንም ካልሸተተ አንድ ጊዜ ድገሙት።

እምነታችሁን አትደብቁ፤ ሲጠይቋችሁ መልሱ። ሳሙናውና ስብከቱ ግን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ አይገናኙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም በሃይማኖቱ እንዳይገደድ፣ ወላጅም ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት እንዳለው ደንግጓል። የማስጠናት ፕሮግራም ከከፈታችሁ ሒሳብ ብላችሁ የጠራችሁትን ልጅ ሒሳብ አስተምሩት። ለላኪዎቻችሁ የምትጽፉት ሪፖርት ስንት በርሜል እንደታጠበ ይቁጠር፤ የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይግባበት።

ስለ ገንዘብ አልጠየቃችሁም፤ ብዙ አገልግሎት የሚበላሸው ግን በእሱ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ፊርማ አይባሉም። ገንዘቡን አንዳችሁ ብትይዙ ሌላኛው ፈራሚ ከአጥቢያው ይሁን፤ ደረሰኙንም በየወሩ እሱ ይየው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሳቢያን ነው፤ ገጠር የሚያገለግሉ ባልና ሚስት ሲመጡ እኔ ጋ ያርፋሉ። ሰሞኑን ባልየው ትኩሳትና ቁርጥማት ያዘውና ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ሊውጥ ነው። ትክክል ነው? (እናት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይዋጥ፣ እማማ። ደንጊ ከሆነ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ቀንም ቢሆን አጎበር ይስጡት፤ ለወባም ደሙ ዛሬውኑ ይመርመር። ትኩሳቱ በረደ ብለው ግን አይዘናጉ፤ ደንጊ የሚብሰው ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ያድርሱት።