«የሚያዳክመው የቱ ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች

ወንድሜ፣ ለጋት (ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው) ስትዘጋጅ «አርጉመንቱን (ክርክሩን) የሚያዳክመው የቱ ነው» ሲባል ሁለት ምርጫ ይቀርህና ሁሌ ስህተቱን ታነሳለህ፤ ድብቁን አሳምፕሽን፣ ማለትም ክርክሩ ሳይናገር የተደገፈበትን ግምት፣ እንዴት ላግኘው ብለሃል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ገንዘብ ከፍዬ የተንገላታሁበት ነው። ፕሪሚስና (መነሻ ማስረጃውና) ኮንክሉዥን (መደምደሚያው) መለየቱን ታውቃለህ፣ ልዝለለው።

1. ፕሪሚሱን አትነካካው፤ እውነት ነው ብለህ ተቀበል። የምትፈልገው ከዚያ ወደ ኮንክሉዥኑ ሲሻገር ሳይናገር የዘለለውን ነው።

2. ምርጫዎቹን ሳታይ አሳምፕሽኑን በራስህ አፍ አውጣው። እኛን ያስጠናን ሰውዬ ግን (ቦታውን ተወው) የፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ስም ሲያስሸመድደን ከረመ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የዓሣ ምርት ቀንሷል። ስለዚህ እምቦጩ ከተነቀለ ዓሣው ይመለሳል።» መልሱ ያለን ደግሞ «እምቦጭ መንቀል ብዙ ወጪ ይጠይቃል» የሚለውን ነው! ወጪውማ እውነት ነው፣ ስንት ዘመቻ አይተናል። ግን አርጉመንቱ «ከተነቀለ» አለ እንጂ ርካሽ ነው መች አለ?

እጄን አውጥቼ ሌላውን ምርጫ አነበብኩለት፦ «ዓሣው መቀነስ የጀመረው እምቦጭ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ የሚወጣው ዝርያ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይታፈሳል፣ ዛሬም አልቆመም።» የተደበቀው «እምቦጩ ከሄደ ዓሣውን የሚያስቀር ሌላ ነገር የለም» የሚለው ነው። ገልብጠው፦ «አለ» በል። ኮንክሉዥኑ ያኔውኑ ሸብረክ ይላል። ገልብጠኸው ምንም ካልሆነ የያዝከው አሳምፕሽን አይደለም።

ሰውዬው «ልታስተምር ነው የመጣኸው?» አለኝ፣ ክፍሉ ሳቀ። ቢሮ ገብቼ ገንዘቤን ስጠይቅ ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «የተከፈለ አይመለስም»። ደረሰኝ ስላት ደግሞ «ማሽኑ ተበላሽቷል»! ይሁን፣ ፈተናውን አልፌያለሁ። ከሳቁት መካከል ዛሬ ደብተሬን ፎቶ የሚያነሱ አሉ።

3. ማዳከም ማፍረስ አይደለም። «ሙሉ በሙሉ ውድቅ አላደረገውም» ብለህ ጥሩውን ምርጫ አትጣል፤ ጥርጣሬ ካስገባ በቃው። የጣና ልጅ ከሆንክ ደግሞ ስለ ሐይቁ የምታውቀውን ምርጫው ላይ አትጨምርበት። «እምቦጭ የሚበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው» ቢልህ እውነት ነው፣ እዚህ ጋ ግን አንዳች አይፈይድም።

አንዳንዱ ጥያቄ «የማያዳክመው» ይላል፤ «የማ»ዋ እንዳታመልጥህ። እኔ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ነው ያነበብኩት።