ጠረጴዛ መጋዝ ልገዛ ነው፣ የቱን ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ግቢያችን ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት እሰራለሁ፣ እስካሁን በእጅ ሰርኩላር ነበር የምሰነጥቀው አሁን ግን ጠረጴዛ መጋዝ ልገዛ ነው። ሶስት ምርጫ አለኝ። አንዱ ከተዘጋ ወርክሾፕ የወጣ፣ በብረት የተበየደ ትልቅ ስሪ ፌዝ መጋዝ ነው፣ ሻጩ ዲናሞውን በሲንግል ፌዝ እቀይርልሃለሁ ብሎኛል። ሁለተኛው አዲስ፣ ባለ 10 ኢንች፣ 1,800 ዋት፣ ለሁለት ተሸክመው የሚያነሱት ነው። ሶስተኛውን እህቴ ከአሜሪካ ልላክልህ ትለኛለች። እንጨቴ በብዛት ባህር ዛፍና ቺፕውድ ነው፣ አልፎ አልፎ ጽድ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ውሰድ። ግን ሱቅ ስትገባ ዋቱን ትተህ መጀመሪያ ከላማው፣ ማለትም ከሚቆርጠው ክብ ምላጭ፣ ኋላ የቆመችውን ቀጭን ብረት ፈልጋት፣ ከላማው ጋር ከፍ ዝቅ የምትለዋን፣ ከሌለችው ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

ምክንያቱም ያንተ እንጨት ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ውስጡ ተወጥሮ ነው የሚያድገው፣ መሃሉን ስትሰነጥቀው ያ ውጥረት ይለቅና ወይ ከፈት ይላል ወይ ደግሞ ተመልሶ ይገጥምና ላማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ። ያኔ የኋላው ጥርስ ጣውላውን ያነሳና ወደ ሆድህ ይወረውረዋል፣ የላማው ጫፍ ደግሞ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ነው የሚሮጠው፣ እጅህን ለመሰብሰብ ጊዜ የለህም። ያቺ ብረት የተሰነጠቀው እንዳይገጥም መሃል ትቆማለች። ውፍረቷ ከላማው ገላ በለጥ፣ ከጥርሱ አነስ ማለት አለበት። የተበየደው መጋዝ ላይ ይሄ ከሌለ ዋጋው ቢረክስም እኔ አልገዛውም።

ቀጥሎ ላማው ቀጥ ብሎ መቆሙንና እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን የጎን ጋይድ ፈትሽ። ሶኬቱን ንቀልና አንድ ጥርስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፣ ያን ጥርስ ወደ ፊት አምጥተህ ከጠረጴዛው ቦይ ያለውን ርቀት ለካ፣ ከዛ ላማውን በእጅህ አዙረህ ያንኑ ጥርስ ኋላ ላይ ለካ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ከሞላ፣ በብሎን የሚስተካከልም ካልሆነ ተወው። ጋይዱንም ቆልፈህ ጫፉን በጣትህ ገፋ አድርገው፣ ከተነቃነቀ ካቢኔትህ በፍጹም ስኩዌር አይሆንልህም።

መብራቱን በተመለከተ፣ 1,800 ዋት በ220 ቮልት 8 አምፔር ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ ከዛ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሞክረው፣ ከብሬከር 2.5 ካሬ ሚሊ የሆነ ገመድ ለብቻው አስጎትት። አንድ ነገር ደግሞ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ዲናሞ ግን በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ታስቦ ነው የሚሰራው፣ አየሩ ሲሳሳ ብርዱ ብርድ ቢሆንም ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ወፍራም ጣውላ በተከታታይ ስትሰነጥቅ እያረፍክ ስራ፣ ዲናሞው መጋሉን በእጅህ ዳሰስ አድርገህ እየው።

ማብሪያውም ወሳኝ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የሚነሳ መጋዝ ቤት ውስጥ፣ ያውም ልጆች ባሉበት ግቢ፣ በጣም አደገኛ ነው። ሻጩን አስበራውና ሶኬቱን ነቅሎ ይመልሰው፣ እንደገና ካልተጫነ የማይነሳ ከሆነ ጥሩ ነው።

የእህትህን አመስግናት ግን ይቅር። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ ለአንድ መጋዝ ብለህ ከ3,000 ዋት ያላነሰ ትራንስፎርመር ልትገዛ ነው፣ ካርቦን የሌለው ዲናሞ ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመሩም ቢኖር የኛ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል። የላማው ቀዳዳም 16 ሚሊ ገደማ ነው፣ በአውሮፓ ልክ የሚሰራው ላማ ግን 30 ነው። እሷ ያሰበችው ሰውነት ሲነካው ቀጥ የሚለውን ሶውስቶፕ ከሆነ ድንቅ ማሽን ነው፣ ግን በጣም እርጥብ እንጨትም ፍሬኑን ሊያስነሳው ይችላል፣ በተነሳ ቁጥር ደግሞ አዲስ ካርትሪጅ፣ ማለትም የፍሬኑን ተቀያሪ ክፍል፣ ትገዛለህ ላማውም ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ይልቅ ሁለት ጥሩ ላማ ትግዛልህ፣ ቀዳዳውን ለክተህ ላክላት፦ ባለ 24 ጥርስ ለባህር ዛፉ መሰንጠቂያ፣ ባለ 60 ለቺፕውዱ። በ24 ቺፕውድ ከቆረጥክ ጠርዙ ይረግፋል፣ በ60 ወፍራም ባህር ዛፍ ከሰነጠቅክ ያቃጥለዋል። ጽዱ ሙጫ ይይዛል፣ ላማውን ቶሎ ቶሎ አጽዳው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ መጋዝ ላይ ስሰራ ጓንት ላድርግ?

መልስ፦ አታድርግ። ጥርሱ ጓንቱን ከያዘ እጅህን አብሮ ይጎትተዋል፣ ባዶ እጅ ቢነካ የሚቆረጠው በጓንት የባሰ ይሆናል። እጅጌህን ሰብስብ፣ መነጽርና ለሰጋቱራው ማስክ አድርግ፣ ላማውን ከእንጨቱ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገው፣ ጠባብ ነገር ስትሰነጥቅ ደግሞ በጣትህ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፋ።